«የውሃ ላይ የጥፍር ጌጥ ስብስብ» የምትገዙ ተጠንቀቁ፤ የሚላክላችሁ በመብራት ብቻ የሚደርቅ ጄል ሊሆን ይችላል

ባለፈው ወር ለቤተሰባችን ሰርግ ስንዘጋጅ «በውሃ ላይ የጥፍር ጌጥ መሥሪያ ሙሉ ስብስብ» የሚባል ዕቃ በቴሌግራም ከሚሸጥ ሱቅ ገዛሁ። 1,900 ብሩን በቴሌብር አስቀድሜ የከፈልኩ ሲሆን ደረሰኝ አልተሰጠኝም። ዕቃው ለተባለለት ሥራ ጨርሶ የማይውል፣ ከዚያም በላይ ቆዳ የሚጎዳ ሆኖ ስላገኘሁት፣ የእኔ ገንዘብ ባይመለስም የሌሎች ሰዎች ገንዘብና ጣት እንዲተርፍ ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

በመጀመሪያ ሥራው ራሱ ማታለያ አለመሆኑን መናገር ያስፈልጋል። ተራው የጥፍር ቀለም ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ንጥረ ነገር እንደ ኤቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት ባሉ ቶሎ በሚተኑ ፈሳሾች ሟሙቶ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ ውሃ ላይ ጠብ ሲል ክብ ሠርቶ በስሱ ይዘረጋል፤ ፈሳሹ ሲተንም ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። በአንዱ ቀለም መሐል ሌላውን እየጨመሩ፣ በስቴኪኒ መስመር እየሳቡ ጥፍርን ሲነክሩበት የእብነ በረድ መልክ ያለው ጌጥ ይወጣል። በሻጩ ቪዲዮ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ወደ ቤት የሚመጣው ዕቃ ግን ሌላ ነው።

ከሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ውስጣቸው የማይታይ ስድስት ነጫጭ ጠርሙሶች፣ «ልዩ ውሃ» የተባለ 100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽና አንድ ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው። ከምን እንደተሠራ፣ የት አገር እንደተመረተና መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ የሚገልጽ አንድም ጽሑፍ አልነበረበትም። የእህቴ ልጅ ልዩ የተባለውን ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጣ ቀዩን ቀለም ጠብ ስታደርገው፣ ጠብታው እንደ ማር እየተጎተተ ወርዶ ከሳህኑ ሥር ተቀመጠ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀለምም እንዲሁ ሆኑ። ጥፋቱ የእኛ መስሎን ውሃውን በቧንቧ ውሃ ለወጥነው፣ ትንሽ አሞቅነው፣ ቀለሙንም በዘንጉ ልናነሣው ሞከርን፤ ያተረፍነው በሁለታችን ጣቶች ላይ የተለጠፈና ከአንድ ሰዓት በኋላም ያልደረቀ ማጣበቂያ የመሰለ ነገር ነው።

ለሻጩ ደውዬ ስነግረው፣ «እህቴ፣ ላምፑ ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ 2,500 ብር ከላክሽ ዛሬውኑ እናደርስልሻለን» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በማግሥቱ ጥፍር የምትሠራ ጎረቤቴ ከጠርሙሱ ጥቂት ቀብታ ከጥፍር ማድረቂያ ላምፗ ሥር ብታስቀምጠው ወዲያው ደረቀ። ጄል ነበር። ጄል የሚጠነክረው ፈሳሹ ተንኖ ሳይሆን የአልትራቫዮሌት ወይም የኤልኢዲ መብራት ሲያርፍበት ነው፤ ወፍራም በመሆኑም ውሃ ላይ እንደ ተራው ቀለም ስስ ሆኖ አይዘረጋም። ላምፑን ብገዛም ለውሃው ሥራ የሚጠቅመኝ ነገር አልነበረም፤ ሻጩም ይህን የማያውቅ አይመስለኝም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ የቆዳው ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ጄሎች ሄማ (HEMA) የተባለውን የመሰሉ አክሪሌቶች፣ ማለትም ሲጠነክሩ ፕላስቲክ የሚሆኑ ኬሚካሎች አሉባቸው፤ እነዚህ ሳይጠነክሩ ቆዳ ሲነኩ አለርጂ ሊያስነሡ ይችላሉ። የውሃው አሠራር ደግሞ ጣትን እስከ አንጓው የሚነክሩበት በመሆኑ፣ ጄልን ለዚህ ሥራ መሸጥ ቆዳው ሁሉ እንዲነካው ማድረግ ነው። አለርጂው አንዴ ከተቀሰቀሰ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ አክሪሌት ባለበት የጥርስ ሕክምና ላይ ሳይቀር ችግር ሊፈጥር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ሄማ ያለባቸው የጥፍር ምርቶች በባለሙያ እጅ ብቻ እንዲሠራባቸው ከ2021 ጀምሮ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም (ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የእህቴ ልጅ ጣቶቿ በሦስተኛው ቀን ቀልተው ማሳከክ ጀመሩ፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ አንሶላው ላይ ስታሻቸው አድራለች። የቆዳ ሐኪሟም ከእንግዲህ ጄል እንዳትነካ አዝዘዋታል። ገና 16 ዓመቷ ነው።

ሌላ የምትገዙ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠርሙሱ በቅርብ የተነሣበትን ፎቶ ጠይቁ። ላምፕ ወይም ዩቪ (UV፣ አልትራቫዮሌት) የሚል ቃል ካለበት፣ ወይም ጠርሙሱ ብርሃን እንዳያስገባ ተብሎ የተሸፈነ ከሆነ ጄል መሆኑን ጠርጥሩ። በእጃችሁ ከገባ በኋላ ደግሞ ወረቀት ላይ ጥቂት ቀቡት፤ ተራው ቀለም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው፣ በደቂቃዎችም ውስጥ መድረቅ ይጀምራል፤ ጄል ግን እርጥብ እንደሆነ ይቆያል።

ለነገሩ ስብስብ መግዛት ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። በኋላ ከሰፈር ሱቅ በገዛኋቸው ሦስት ተራ ቀለሞች ራሴ ሞክሬ ተሳክቶልኛል። በሚጣል ኩባያ የቧንቧ ውሃ ቀድቼ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አስቀመጥኩት፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀለሙ አይዘረጋም፣ ሲሞቅ ደግሞ ሳይሳል ይደርቃል። ጥፍሬን አስቀድሜ ነጭ ቀብቼ አደረቅሁ፤ ዙሪያውንም ቫዝሊን ቀባሁ። ከከፍታ የወደቀ ጠብታ ስለሚሰጥም ብሩሹን ወደ ውሃው አስጠግቼ አንጠባጠብሁ፤ የዳሩ ክብ ቶሎ ስለሚደርቅም ስቴኪኒውን ከመሐል ጀመርኩ። ዋናው ምሥጢር ጣቱ ገና ውሃ ውስጥ እያለ የተረፈውን ቀለም በስቴኪኒ ጠቅልሎ ማንሣት ነው፤ ያለዚያ ሲወጣ ሌላ ንብርብር ይለጠፍበታል። ቀለሙም ሆነ ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን እሳት በቀላሉ ስለሚይዙ፣ ቡና በሚፈላበትና ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል ይህን ሥራ ፈጽሞ አትሥሩ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥና ዕቃው መግለጫ እንዲለጠፍበት ያስገድዳል፤ የመዋቢያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ዕቃ የደረሳችሁ ጠርሙሱን አትጣሉ፣ የክፍያውንና የንግግሩን ምስል አስቀምጡ፣ ለባለሥልጣኑና ለአካባቢያችሁ ንግድ ቢሮም አመልክቱ። እኔ ስድስቱንም ጠርሙሶች ከነሳጥናቸው ይዤ አመልክቻለሁ። ሻጩ ስልኬን ዘግቶብኛል፤ ትናንት ግን በሌላ ስም በተከፈተ ሱቅ ያንኑ ቪዲዮና ያንኑ ሳጥን በ2,200 ብር ተለጥፎ አይቼዋለሁ።