የፕሮቶንን ራዲየስ ለመለካት፦ ተራ ሃይድሮጅን ወይስ ሙዮናዊ ሃይድሮጅን?

ሙዮናዊ ሃይድሮጅን በኤሌክትሮኑ ምትክ ሙዮን የሚባል ከባድ ቅንጣት ያለው አቶም ነው። የፕሮቶኑ ስፋት የአቶሙን የጉልበት ደረጃዎች በጥቂቱ ስለሚያዛባ ራዲየሱን ከእነሱ ማስላት ይቻላል። የኤሌክትሮንን ባህሪ በሚገልጸው የዲራክ ቀመር መሠረት 2ኤስ½ እና 2ፒ½ የተባሉት ሁለት ደረጃዎች እኩል ጉልበት አላቸው። በተራ ሃይድሮጅን ግን 2ኤስ (ጉልበቱ በድግግሞሽ ሲገለጽ) 1058 ሜጋኸርትዝ ገደማ ከፍ ይላል፤ ላምብና ረዘርፎርድ ልዩነቱን ያዩት በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው ምክንያት ኤሌክትሮኑ ፎቶን ለቅቆ መልሶ መዋጡ ነው፤ ይህ የራስ ጉልበት ይባላል። ቫኩም ፖላራይዜሽን (በባዶ ቦታ ለአፍታ የሚፈጠሩ የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ጥንዶች ውጤት) የሚቀንሰው 27 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው፤ የፕሮቶኑ ስፋት ድርሻ ደግሞ 0.14 ሜጋኸርትዝ ገደማ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ 2ፒ በ1.6 ናኖሰከንድ ስለሚረግፍ መስመሩ 100 ሜጋኸርትዝ ይሰፋል። ራዲየሱን በ1 በመቶ ትክክለኛነት የፈለገ ሰው የዚህን ሰፊ መስመር መሃል በ3 ኪሎኸርትዝ ልክ ማግኘት አለበት።

ሙዮን ከኤሌክትሮን 207 እጥፍ ስለሚከብድ ምህዋሩ 186 ጊዜ ያህል ይጠባል። ስለዚህ ቫኩም ፖላራይዜሽን ይገንናል (205 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ)፣ 2ኤስም ከ2ፒ በታች ይወርዳል። የፕሮቶኑ ስፋት ድርሻ ከልዩነቱ 2 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ሙዮኑ በ2.2 ማይክሮሰከንድ ይጠፋል፣ ግጭት 2ኤስን እንዳያፈርስ ጋዙ 1 ሚሊባር ገደማ መሆን አለበት፣ 2ኤስን ወደ 2ፒ የሚያነሳው የ6 ማይክሮሜትር ሌዘርም ሙዮኑ በገባ በማይክሮሰከንድ ውስጥ መተኮስ አለበት።

በስዊዘርላንዱ ፓውል ሼረር ተቋም ተለክቶ በ2010 የወጣው ውጤት 0.8418 ፌምቶሜትር ነበር፤ በወቅቱ የነበረው መደበኛ እሴት ግን 0.8768 ነበር። ለራዲየስ ሙዮናዊውን እመርጣለሁ፤ የኤሌክትሮንን የራስ ጉልበት ስሌት ለመፈተን ግን ተራው ይሻላል።