ጀልባ ልታሳድሱ ያሰባችሁ፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ውስጡን እዩ

ሰላም የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ልጆች። ይህን የምጽፈው በእኔና በወንድሜ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው።

ሐይቅ ላይ እንግዳ የምናንሸራሽርባት አሮጌ የፋይበር ጀልባ አለችን። ስምንት ሰው ትይዛለች። ወለሏ ሲረግጡት ይሰረጉድ ነበር፣ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃም መነቃነቅ ጀምሯል። ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ቦዲ የሚሠራ አንድ ጋራዥ "ፋይበር የእኛ ሥራ ነው፣ አብሽሩ፣ በሃያ ቀን አዲስ አድርገን እንሰጣችኋለን" አለን። በ180 ሺህ ብር ተስማማን፣ 120 ሺውን ቀብድ በእጅ ሰጠን። ደረሰኝ አልተቀበልንም። ውሉም "የጀልባ ሙሉ ጥገና" ይላል እንጂ ምን እንጨት፣ ምን ማጣበቂያ የሚል ነገር የለበትም።

ሃያው ቀን ሁለት ወር ተኩል ሆነ። ስንደውል ሬዚን (ፋይበሩን አጣብቆ የሚያደርቀው ፈሳሽ) ከአዲስ አበባ አልመጣም፣ መብራት የለም፣ ሠራተኛው ታሟል። ወንድሜ ከደሴ ሀረጎን ወርዶ ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ "ፋይበሩ እየደረቀ ነው፣ አቧራ ይገባበታል" ብለው ሸራውን እንኳ አልገለጡለትም። ያኔ መንቃት ነበረብን። መጨረሻ ላይ ነጭና ሰማያዊ ተቀብታ ስናያት ታበራለች። ቀሪውን ከፍለን በአይሱዙ ጫንናት።

ሦስት ሳምንት አልቆየችም። ከውሃ ስናወጣት ሆዷ ላይ ቀለሙ አረፋ አውጥቷል። አንዱን በአውራ ጣቴ ስጫነው ቡናማ ውሃ ፈሰሰ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። በካቻቢቴ ስፈቀፍቀው የወጣው የመኪና ስቱኮ፣ ከቀለም በፊት ጎድጓዳውን የሚሞሉበት ልጥፍ፣ ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ስቱኮ መኪና በር ላይ ጥሩ ነው፣ ውሃ ውስጥ ውሎ ለሚያድር ነገር ግን ውሃ ይመጥና ይለቃል። ወለሉን ስናነሳ ደግሞ የበሰበሰው እንጨት እዚያው አለ። ከላዩ የቤት ዕቃ ኮምፔርሳቶ ለጥፈውበታል፤ ጠርዙን በጣቴ ስስበው ንብርብሩ አንድ በአንድ ተላቀቀ። ቪቴዎቹ ተራ ብረት ናቸው፣ ዝገዋል። እንዲህ በተሠራች ጀልባ የኋላ ሳንቃ ላይ ነው 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር የታሰረው። ሐይቃችን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ እኛም ሕፃናት ጭነንባታል። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሞተሩም ሰርቪስ ተደርጓል ተብሎ ካንዴላው እንኳ አልተነካም። ጭራሽ "ጉልበት አንሶታል፣ ትልቅ እናምጣላችሁ" ብለውን ነበር። እንዳትሸወዱ፤ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ እንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን እዚህ ያጣል፣ ብዙ ጊዜም ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔላ መቀየር ይበቃል። ይህን የነገረን ጣና ላይ ጀልባ የሚሠራ ዘመዳችን ነው፣ ምነው ቀድመን በጠየቅነው።

ጋራዡ "ድንጋይ አስመትታችኋት ነው" አለን። ሽማግሌ ላክን፣ ባለቤቱ 15 ሺህ እመልሳለሁ ብሎ እሱንም እስካሁን አልሰጠም። ንግድ ጽሕፈት ቤት ስንሄድ መጀመሪያ የጠየቁን ደረሰኝ ነው።

ስለዚህ የበሰበሰው እንጨት ተነቅሎ ሲወጣ ቆማችሁ እዩ፣ ካልሆነም በየደረጃው ፎቶ ይላክላችሁ። ገንዘቡንም በደረጃ ክፈሉ፤ አሮጌው ሲወጣ፣ አዲሱ እንጨት ሲገባ፣ ፋይበሩ ሲለብስ፣ እያንዳንዱን በደረሰኝ። ቀለም እናንተ ሳታዩ አይነካ። ፋይበሩ ከደረቀ በኋላ በመዶሻ እጀታ ሆዷን በሙሉ አንኳኩ፤ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ወይም ውሃ የያዘው ድፍን ይላል። ሬዚኑ ላይ የሚጨመረው ማድረቂያም በአብዛኛው ከመቶ 1 እስከ 2 ነው፣ ሳይለካ በግምት ሲደፋ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ።

ጀልባችን አሁን ሐይቁ ዳር ዛፍ ስር ተገልብጣ እየደረቀች ነው፣ ስቱኮውን እኔና ወንድሜ በመሮ እየፈነቀልን ነው። ጀልባ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ ያሰበ ካለ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፎቶዎቹን በሙሉ እልክለታለሁ።