የአፍንጫ ፕላስተር ለውድድር ፈረስ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ከወዳጆቼ ጋር በጋራ የያዝነው ፈረስ የሚሠለጥነው በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሎረል ፓርክ በተባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሥፍራ ነው። ከአንድ ውድድር በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ የአየር ቧንቧውን በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ሲያይ ደም አገኘ፤ ከ0 (ደም የለም) እስከ 4 (እጅግ ብዙ ደም) በሚደርሰው መለኪያም 2 ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በውድድርና በፈጣን ልምምድ ጊዜ ሁሉ የአፍንጫ ፕላስተር ስንለጥፍለት ወራት አልፈዋል።

ፈረስ በአፉ መተንፈስ አይችልም። በሙሉ ግልቢያ ላይ ትንፋሹ ከእግሩ ጋር እየገጠመ በደቂቃ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በእያንዳንዱም ከ10 ሊትር በላይ አየር ይስባል፤ ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአፍንጫው ብቻ ነው። ከቀዳዳዎቹ ከፍ ብሎ አጥንት የማይደግፈው ለስላሳ ሥፍራ ስላለ፣ በኃይል ሲተነፍስ ቆዳው ወደ ውስጥ እየተሳበ መንገዱን ያጠብበዋል። ሳንባው ውስጥ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት የሚገባው ደም እጅግ ቀጫጭን የሆኑትን የደም ሥሮች ከውስጥ ሲወጥራቸው፣ በጠበበ አፍንጫ አየር ለመሳብ የሚደረገው ትግል ከውጭ ይጎትታቸዋል፤ የሚቀደዱትም በዚህ መካከል ነው። ፕላስተሩ በውስጡ ባሉት የፕላስቲክ ዘንጎች ለስላሳውን ሥፍራ ደግፎ ስለሚይዝ የሚያቃልለው ይህን የውጭ ጉተታ ብቻ ነው። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፈረሶችን በትሬድሚል ላይ በማስሮጥ በተደረገ ጥናት ፕላስተሩ መድማቱን ቢቀንስም ፉሮሴማይድ የተባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የበለጠ የቀነሰው፣ መድኃኒቱ የደሙን ግፊት ራሱን ስለሚያወርድ ይመስለኛል።

አለጣጠፉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባልደራሱ ሥፍራውን በአልኮል ጠርጎ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ከቀዳዳዎቹ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ያስቀምጠውና በመዳፉ ጫን ብሎ ይይዘዋል። ጥቂት የዝንብ መከላከያ ቅባት ከቀረ ወይም ፈረሱ ካላበው ጠርዙ ይነሣል፤ በሐምሌ ወበቅ ይህ ደጋግሞ ገጥሞናል። አንድ ፕላስተር የሚያገለግለው አንዴ ብቻ በመሆኑ የተነሣው መጣል አለበት። ሲነቀል በሞቀ ውኃ አርሶ ከጠርዙ ቀስ እያሉ ካልሆነ ፈረሱ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱን አያስነካም።

ከዚያ በኋላ በተደረጉት ምርመራዎች ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ 0 ወይም 1 ነበር። ይሁን እንጂ ምስጋናውን ሁሉ ለፕላስተሩ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ድርቆሹን ውኃ ውስጥ ነክረን መስጠት ጀምረናል፣ ከከፍታ ይሰቀል የነበረውንም ምግብ መሬት ላይ አድርገናል፤ ፈረስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲበላ አክታው በቀላሉ ይወርዳልና። ከሁሉ በላይ ፈረሶቹ ጋጣቸው ውስጥ እያሉ መተላለፊያውን በቅጠል መንፊያ ሞተር ማጽዳት እንዲቀር አጥብቀን ጠይቀናል። አቧራው በመስኮት በሚገባው ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ያንን የሚተነፍስ ሳንባ በደቂቃዎች ውድድር ላይ በሚለጠፍ ነገር ብቻ ይድናል ብሎ ሊያምን አይችልም። በእኔ ግምት ማሳሉን ያስቀረለት የድርቆሹ ለውጥ ነው፤ ፕላስተሩ የረዳው በውድድሩ ሰዓት ነው።

ገዢው የሚወዳደርበትን ሥፍራ ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2012 አይል ሃቭ አናዘር የተባለው ፈረስ በዚሁ በሜሪላንድ ፕሪክነስ የተባለውን ትልቅ ውድድር ሲያሸንፍ ፕላስተር ለጥፎ ነበር፤ ኒው ዮርክ ግን የፈቀደችው በ2014፣ ካሊፎርኒያ ክሮም የተባለው ፈረስ እዚያ ፕላስተር ለጥፎ እንዲሮጥ ከተጠየቀ በኋላ ነው። ሲጋልብ የሚያፏጭ ወይም የሚያጓራ ፈረስ ያለው ሰው ደግሞ ችግሩ ማንቁርቱ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ፕላስተሩም እዚያ ስለማይደርስ፣ ገንዘቡን በቅድሚያ ለሐኪም ምርመራ ቢያውለው ይሻላል። እኛ ለውድድርና ለፈጣን ልምምድ መግዛታችንን እንቀጥላለን፤ ለሶምሶማ ግን አንለጥፍም።