ቪዛ ካርድ ይዤ ቴሌብር አገር ገባሁ

አዲስ አበባ በካርድ መክፈል ይቻላል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሱ አጭር ነው። ይቻላል፤ ግን ገንዘባችሁን ማውጣት የምትፈልጉበት ቦታ ላይ አይደለም። ትልልቅ ሆቴሎች፣ አንዳንድ ሱፐርማርኬቶችና ሬስቶራንቶች የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላሉ። ከዚያ ወረድ ስትሉ የምታገኙት ከተማ ግን፣ ማለትም ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጀበና ቡናው፣ የሰፈሩ ሱቅ፣ ካርድ የሚባለውን ነገር ዘሎት አልፏል።

እኔ ስቶክሆልም ውስጥ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ክፍያ የምቀበለው ከስልኬ ጋር ተገናኝታ በምትሠራ፣ መዳፍ በምታህል የካርድ ማሽን ነው። ደንበኛው ካርዱን ወይም ስልኩን ጠጋ ያደርግላታል፣ ጢጥ ትላለች፣ አለቀ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ሁለት በመቶ ገደማ ትቆርጣለች። ገንዘቡም ሒሳቤ የሚገባው አድሮ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ሱቅ ስገባ ዓይኔ ከዕቃው በፊት የሚያርፈው ገንዘብ መቀበያው ላይ ነው። የሙያ በሽታ በሉት።

በቀላሉ ከሚያልፈው ልጀምር። የሆቴሉ ፖስ ማሽን፣ ማለትም ካርድ መቀበያው፣ ወዲያው ሠራ፣ ደረሰኝም ሰጠኝ። አንድ ምሳ የበላሁበት ቤት አስተናጋጁ ኔትወርክ ፍለጋ ማሽኑን ይዞ እስከ በረንዳ ወጣ፤ እሱም ሠራ። ሌላ ቦታ «ማሽን አለን፣ ግን ሲስተም የለም» ተባልኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለምዳችሁ ግቡ። ኤቲኤም ደግሞ በየመንገዱ አለ፣ ብሩንም ይሰጣል። ችግሩ የብሩ ብዛት ነው። ትልቁ ኖት በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የወጣው ባለ 200 ብር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያ ኖት ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም። አንድ ደህና የሐበሻ ቀሚስ ለመግዛት ቦርሳ የሚያሳብጥ ብር ይዞ መዞር ግድ ይላል። ብሩን ከማሽኑ ሳወጣ አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ «ኧረ አክስቴ፣ ቶሎ አስገቢው፣ ሰው እያየሽ ነው» ስትል አፈረችብኝ። እሷ ብር ይዛ አትወጣም። ስልኳ ብቻ ነው ያለው።

እኔም እንደ እሷ ልኖር ወሰንኩ። ቦሌ ኤርፖርት በፓስፖርት ሲም ካርድ አወጣሁ፣ ቴሌብር የሚባለውን የኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ ከፈትኩ። ድሮ የከፈትኩትን የባንክ ሒሳብ ደግሞ ቅርንጫፍ ሄጄ ሞባይል ባንኪንግ አስጀመርኩ። ወረፋው ረዘመ እንጂ ልጆቹ ትሁቶች ናቸው፤ ፓስፖርቴንና ቢጫ ካርዴን አይተው ጨረሱልኝ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ነው የጀመረው። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው። ሌላው የስልክ ገንዘብ፣ ኤምፔሳ፣ ከሳፋሪኮም ጋር መጥቶ ነሐሴ 2015 ሥራ ጀመረ። የባንኮቹ መተግበሪያዎች ሲጨመሩ ሻጭና ገዢ የሚጠያየቁት «በምን ልላክልሽ?» ብቻ ሆኗል። ካርድ የሚለው ቃል ሲነሳ አልሰማሁም።

አሁን ሽሮ ሜዳ እንግባ፤ እዚያ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ።

የባህል ልብስ ሱቅ ነው። ግድግዳው ላይ ካርቶን ተለጥፏል። በማርከር የአምስት ባንክ ስምና የሒሳብ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከላይ ንግድ ባንክ፣ በ1000 የሚጀምረው ረጅሙ ቁጥር። ከሥር በቀይ «ስክሪንሹት አንቀበልም» ይላል። ቀሚስና ነጠላ መረጥኩ፣ ተከራከርን፣ ተስማማን። «ምን ባንክ ነው ያለሽ እህቴ?» አለች ባለሱቋ። የእኔ ባንክ ካርቶኑ ላይ የለም። ስለዚህ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ላክሁ። ከእኔ ተቆረጠ፣ ሜሴጅም መጣልኝ።

«ገባ?»

«አልገባም።»

ቆይተን ደግመን ተጠያየቅን። ያው ነው። ለካ ሒሳቡ የወንድሟ ነው፣ ሜሴጁ የሚመጣውም እሱ ስልክ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ክር ሊገዛ መርካቶ ወርዷል። ደወለችለት። አያነሳም። ስልኬን ላሳያት ስሞክር በአክብሮት ገፋችው። «አንቺን አላምንም ማለቴ አይደለም እህቴ፣ ግን ባለፈው በስክሪንሹት ተበልተናል።» ሻይ አስመጣችልኝ። ቀሚሱን አጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች። ፌስታሉን ግን ከራሷ ጉልበት ሥር አላራቀችውም። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነበር የማደርገው። ሻዩን ጨርሼ፣ ስለ ስዊድን ብርድ ጠይቃኝ መልሼላት፣ ወሬ ሲያልቅብን ወንድሟ ደወለ። ገብቷል።

ዕቃው ምርጥ፣ መስተንግዶው ምርጥ። አከፋፈሉ ላይ ግን ሦስት ነገር ተደርቦ ነው ያጓተተን። አንዱ ከባንክ ባንክ ዝውውሩ ነው። ባንኮቹን ኢትስዊች የሚባል የጋራ የክፍያ መረብ ያገናኛቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ገንዘቡ ወዲያው ይደርሳል። የዘገየ ዕለት ግን ሻጭና ገዢ ተፋጠው ይቀመጣሉ። ካርቶኑ ላይ አምስት ባንክ የተጻፈው ለዚህ ነው፤ አንድ ባንክ ውስጥ ሲሆን ይፈጥናል። ሁለተኛው የሜሴጁ ስልክ ከሱቁ ውጭ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ሒሳቡ በሌላ ሰው ስም መሆኑ። ስልክ ላይ የማላውቀው ወንድ ስም ሲመጣብኝ እኔም ጣቴ ቆም ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ከእሷ አቅም በላይ ነው። ሁለቱን ግን ዛሬውኑ ማስተካከል ትችላለች። ትንንሽ ንግድ ላላችሁ ሁሉ የምለው ይኼው ነው። የባንክ ሜሴጅ የሚቀበል አንድ ርካሽ ስልክ ለሱቁ ብቻ ይኑር፣ ከሱቁም አይውጣ። የሒሳቡ ስም ከባለሱቁ ወይም ከሱቁ ስም ጋር ይመሳሰል። ስክሪንሹት አንቀበልም የሚለው ደግሞ ልክ ነው፤ ምስል ማስተካከል ዛሬ የልጅ ሥራ ነው፣ የባንክ የሚመስል ሜሴጅ መጻፍም እንዲሁ። የሚታመነው በራሳችሁ ሒሳብ ላይ የሚታየው ብቻ ነው። የንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ በኤፍቲ የሚጀምር የዝውውር ቁጥር አለ፤ ጥርጣሬ ካለ ቁጥሩን አስጽፉና አመሳክሩ።

በሌላ በኩል በወጪ ካየነው ባለሱቋ ትበልጠኛለች። እኔ ማሽን ገዝቼ፣ በየክፍያው ተቆርጦብኝ፣ አድሬ ነው የማገኘው። እሷ ካርቶንና ማርከር ነው ያወጣችው። የዝውውሩን ትንሽ ክፍያ የሚሸፍነው ላኪው ነው። በካርድ የከፈለ ደንበኛ ሳምንት ቆይቶ ባንኩን «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ሊል ይችላል፤ ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ የምሯሯጠው እኔ ነኝ። እሷ ጋ አንዴ የገባ ገባ። ለገዢው ግን ይኼ መልካም ዜና አይደለም። ዕቃው ተበላሽቶ ቢገኝ የሚከራከርላችሁ ባንክ የለም፤ ያላችሁ የባለሱቋ መልካም ፈቃድ ነው።

የትራንስፖርቱ ነገር ደግሞ ገረመኝ። የራይድ ሹፌሮች ቴሌብር ሲባሉ ፊታቸው ይፈታል። አንዱን ለምን አልኩት። «ነዳጅ የምቀዳው በዚሁ ነዋ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ነው የሚከፈለው። እኔ የላኩለትን ይዞ ማደያ ይገባል፣ ሳይመነዝር ይቀዳበታል።

ቡና የምጠጣባት ሴት ደግሞ ተቃራኒዋ ናት። ጀበናዋን መንገድ ዳር ዘርግታ ትሸጣለች፤ ስልኳ በፌስታል ተጠቅልሎ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። «ቴሌብር ይሆናል?» አልኳት። «ይሆናል እህቴ፣ ካሽ ካለሽ ግን ደስ ይለኛል።» ከሰል የምትገዛው ከጉልት ነው፣ በጥሬ ብር። ስኳሩም፣ ፈንድሻውም፣ የዕለት እቁቡም እንደዚያው። ስልኳ ላይ የተከማቸውን ወደ ብር ለመቀየር ኤጀንት ጋ መሄድ አለባት፤ ሲወጣም ይቆረጥበታል፣ ጀበናውንም ጥላ አትሄድም። ታዲያ ለምን ትቀበላለች? በዝርዝር ብር እጥረት ምክንያት። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ባለ 200 ይዞ ይመጣል። መልስ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ከመሮጥ በስልክ መቀበል ይሻላል አለችኝ።

እነዚህን ሁለቱን ካየሁ በኋላ ሌላ ቦታ ስገባ መገመት ጀመርኩ። ባለቤቱ ዕቃ ለሚያመጣለት በምን ይከፍላል? በስልክ ከሆነ ከእኔም በስልክ ይቀበላል። በጥሬ ብር ከሆነ ፊቱን ቅጭም ያደርጋል። ግምቴ ብዙም አልሳተም። ትንሹን ነጋዴ ዲጂታል እናድርገው የሚሉ ሰዎች ሱቁ ላይ ኪውአር ኮድ ከመለጠፍ ይልቅ ከሰል ሻጩ ጋ ቢጀምሩ ሩቅ ይሄዳሉ ባይ ነኝ።

ፀጉር ቤት ሳልገባማ አልመለስም። ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር አንዲት ጎበዝ ባለሙያ ጋ ሹሩባ ተሠራሁ። ሥራዋ ሥርዓት ያለው ነው፣ ስባ አታሳምምም። ባንክ የሰጣት ፖስ ማሽን አለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። «ካርድ ይዞ የሚመጣ የለም፣ ሁሉም ትራንስፈር ነው» አለች። መስታወቶቹ ጥግ ላይ የየሠራተኞቹ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፣ ቲፕ በቀጥታ ለሠራችው ልጅ እንዲላክ። ቆንጆ ሐሳብ ነው። እኔ ጋ ቲፕ በካርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው የሱቁ ሒሳብ ነው፣ ከዚያ ነው የማካፍለው። ግን እሷም ጭንቀት አላት። አንዳንድ ደንበኛ ሙሉውን ሒሳብ ለልጅቷ ይልከዋል፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጭቅጭቅ ይነሳል። መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል፤ የቤቱ ቁጥር በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ በትልቁ ይሁን፣ መስታወቱ ላይ ያለው ደግሞ «ለቲፕ ብቻ» ይበል።

የእኔን ማሽን በፎቶ አሳየኋት። ሁለት በመቶ እንደሚቆርጥ ስነግራት ሳቀች። «እና ዝም ብለሽ ትሰጫቸዋለሽ?» አዲስ አበባም ቢሆን ከስልክ ጋር የሚሠራ ትንሽ ፖስ ይዘው የመጡ እንደ አሪፍፔይ ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ የውጭ እንግዳ የሚበዛበት ሱቅ ካላችሁ ጠይቁበት። እሷ ግን ማሽንም ሆነ የነጋዴ ሒሳብ ለምን እንደማትጠቀም በዝግታ ነገረችኝ። ግብሩ ነው። በግል ሒሳብ ሲገባ የቤተሰብም የሥራም ገንዘብ ተደባልቆ ይቀመጣል። የነጋዴ ሒሳብ ሲሆን እያንዳንዷ ሹሩባ ትመዘገባለች። አልፈረድኩባትም። እኔ ስቶክሆልም ሁሉ ነገሬ ተመዝግቦ እየኖርኩ ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕጉ ያው ነበር። በግምት ግብር ሲከፍል ለኖረ ሰው ድንገት መጋረጃውን ግለጥ ማለት ያስፈራል። ያም ሆኖ የሥራና የቤት ገንዘብ መለየት ለግብር ሰብሳቢው ብቻ አይጠቅምም። ወሩ ትርፍ ይሁን ኪሳራ እሷ ራሷ አታውቅም፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ።

ለምትሄዱ፦ ካርዳችሁን ለሆቴልና ለኤቲኤም ያዙት። ሲም ካርዱንና ቴሌብሩን በመጀመሪያው ቀን ጨርሱ፤ ዘመድ ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ መክረም ለዘመዱም ድካም ነው። ከመላካችሁ በፊት የሚመጣውን ስም ጮክ ብላችሁ ለሻጩ አንብቡለት። ፓወር ባንክ ያዙ፤ ስልኩ ሲዘጋ ቦርሳችሁም አብሮ ይዘጋል። ለሚኒባስ ታክሲ ግን ዝርዝር ብር ይኑራችሁ። ረዳቱ ባለ 200 ብር ስታወጡለት የሚላችሁን እዚህ አልጽፈውም።