የኩፖላ አፍ ልባስ ከጊዛ፦ ጎንደር ውስጥ የሚሸጠው ስብስብ ሲፈተሽ

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ካሉት የብረታ ብረት ዎርክሾፖች አንዱ፣ ለአነስተኛ ኩፖላ፣ ማለትም ከላይ እየተጫነ ብረት ለሚያቀልጥ ረጅም ምድጃ፣ የሚሆን የግድግዳ ልባስ ከጊዛ፣ ማለትም ከካስት አይረን፣ እያወጣ በስብስብ ይሸጣል። ጭነቱ ለሚገባበት ላይኛው አፍ፣ ለመጫኛው አካባቢ፣ ይገዛ? አዎ፣ ይገዛ። ሻጩ እንደሚለው እስከ ታች ድረስ ይልበስ? በፍጹም። ዕቃው ራሱ ደህና ነው፤ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሲገጠም ነው።

ስብስቡ የውስጥ ስፋቱ 60 ሴ.ሜ ለሆነ ኩፖላ የተሠራ ነው። ይህ መጠን ጥሩ ኮክ (ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማገዶ) ካገኘ በሰዓት ወደ 2 ቶን ያቀልጣል፤ የወፍጮ ፑሌጃና የፍሳሽ ክዳን ለሚያወጣ ሰው ከበቂ በላይ ነው። አንድ ዙር በ12 ቁራጭ ይዘጋል። እያንዳንዱ ቁራጭ 20 ሴ.ሜ ቁመትና 11.5 ሴ.ሜ ውፍረት አለው፤ ጀርባው ክፍት፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን መሳይ ነገር ነው። ፊቱም ጎኖቹም 20 ሚ.ሜ ናቸው። ሲመዘን 14 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አምስት ዙር 1 ሜትር ይሸፍናል፤ በድምሩ 60 ቁራጭ፣ 840 ኪሎ ማለት ነው። ውፍረቱ ከመደበኛው እሳት ቻይ ጡብ ጎን ጋር እኩል መደረጉ ብልህነት ነው፤ ጡቡን አውጥቶ በቦታው ሲተካ የኩፖላው ስፋት አይለወጥም።

እሳት ባለበት ቦታ ብረት መለበድ ላልለመደው ሰው ግራ ያጋባል። ኩፖላው እስከ መጫኛው በር ድረስ ሞልቶ እየሠራ ከሆነ ግን ላይ የሚደርሰው ጋዝ ሙቀቱ ከ200 እስከ 500 ዲግሪ ነው። ለእሳት ቻይ ጡብ ይህ እንደ ፀሐይ ነው። ማቅለጫው ክፍል ያለው ጡብ ከ1,600 ዲግሪ በላይ ከሆነ እሳትና ከስላግ (ከቀለጠው ብረት ላይ ከሚንሳፈፈው ቆሻሻ) ጋር ይታገላል፤ ላይኛው ጡብ የሚሞተው በዱላ ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን የሞተር ብሎክ ስባሪ ከ2 ሜትር ወርዶ ሲመታ፣ ከግማሽ ሜትር ከሚወርደው አራት እጥፍ ይበረታል። ጭነቱ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ሲንሸራተት ደግሞ ኮኩና የኖራ ድንጋዩ ግድግዳውን እንደ ሞረድ ይፍቁታል።

ጉዳቱን ለማየት ከቀዘቀዘ በኋላ በባትሪ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ። ከበሩ ደፍ ከ30 እስከ 60 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ በማንኪያ የተዛቀ የሚመስል ጉድጓድ አለ። መጀመሪያ የጡቡ ቆዳ በጥፍር ልክ በጥፍር ልክ ይላጣል፣ ቀጥሎ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ በመጨረሻ ጡቡ እንደ ጥርስ ወልቆ ከጭነቱ ጋር ይወርዳል። በትንሽ መዶሻ ሲነካ ደህናው ጡብ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ከውፍረቱ ሲሶው፣ ማለትም ወደ 4 ሴ.ሜ፣ ከሄደ ማደሻው ጊዜ ደርሷል። የሚያሳስበው ጡቡ ብቻ አይደለም፤ ብረቱ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ እየተንጠለጠለ ድልድይ ይሠራል፣ ጋዙም ግድግዳ ግድግዳውን መንገድ አግኝቶ ያመልጣል። ከውጭ የኩፖላው ቅርፊት የሆነው ላሜራ ሲቀላ የሚታየው ያኔ ነው።

በዓለም ላይ ያሉት ትልልቅ ብላስት ፈርነሶችም (ከማዕድን ብረት የሚያወጡት ምድጃዎች) አፋቸው ላይ ጡብ አያስጠጉም፤ ጭነቱ የሚመታው ጉሮሮ በብረት ሰሌዳ የታጠረ ነው፣ ጡቡና በውሃ የሚቀዘቅዘው ግድግዳ ከዚያ በታች ይጀምራል። እነርሱ ግን አጫጫኑንም ለውጠዋል። ጆርጅ ፓሪ በ1850 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ የገጠመው ደወል መሳይ ክዳን ጭነቱን ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ዳር ያፈስስ ነበር። የሉክሰምበርጉ ፖል ዉርዝ ደወሉን አስቀርቶ በሚዞር አሸንዳ የሚጭነውን አሠራር ሥራ ላይ ያዋለው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኮኩና ማዕድኑ የት እንደሚወድቁ ይመረጣል። ጎንደር ላለ ኩፖላ ባሬላና አካፋ ነው ያለው፤ ስለዚህ ሰሌዳው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሲረከቡ መታየት ያለበት ቀዳሚ ነገር ክብደት ነው። ዎርክሾፑ የሚያስከፍለው በኪሎ ስለሆነ ወፍራም ቁራጭ ሻጩን አያስከፋውም፤ ገዢውም ሲከብድ የጠነከረ ይመስለዋል። ከ16 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቁራጭ ካለ ግን ከልኩ ወጥቷል ማለት ነው። ክብደት ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ሲፈስ ኮሩ፣ ማለትም ባዶውን የሚያወጣው የአሸዋ ቅርጽ፣ ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላል። እንዲህ ያለው ቁራጭ ክብደቱ ሳይለወጥ አንዱ ጎኑ 28 ሚ.ሜ ሲሆን ሌላው 12 ሊሆን ይችላል፤ የሚሰነጠቀውም በቀጭኑ በኩል ነው። ቀጥሎ ጠርዙን በሞረድ ሞክሩት። ሞረዱ ከነከሰ ግራጫ ጊዛ ነው፣ ደህና ነው። እንደ መስታወት ካንሸራተተው ጠርዙ ሲፈስ ቶሎ ቀዝቅዞ ነጭ ጊዛ ሆኗል፤ ነጩ ለመፋቅ ይጠነክራል፣ ለዱላ ግን እንደ ብርጭቆ ነው። በዚህ ስብስብ ማዕዘኖቹ በመጠኑ መደብዘዛቸው ጥሩ ነው፤ ስል ማዕዘን ያለው ቁራጭ አትቀበሉ። ብረቱ የፈሰሰበት ጉቶ መቆረጥ ያለበት ከጀርባ ነው። ፊቱ ላይ በግራይንደር የተጨረሰ እብጠት ካለ ጭነት ይይዛል። ከኮምፔንሳቶ 30 ሴ.ሜ ራዲየስ ያለው ቅስት ቆርጦ ይዞ ሄዶ ፊት ፊታቸውን መለካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

አገጣጠሙ ላይ ስብስቡ ሦስት ነገር ይጎድለዋል፤ አንዱንም ሻጩ አይናገርም።

የመጀመሪያው መደገፊያ ነው። 840 ኪሎ በታችኛው ጡብ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ የማቅለጫው ክፍል ጡብ ከየቀለጣው በኋላ የሚፈለፈልና የሚጠገን ነው። ሸክሙ ካለበት መፈልፈል አይቻልም፣ ከተፈለፈለም ላዩ ይወርዳል። 60 በ60 የሆነ 6 ሚ.ሜ አንግል ብረት ተቆራርጦ፣ በየመካከሉ ክፍተት እየተተወ፣ ላሜራው ላይ በውስጥ በኩል ይበየዳል። አንድ ወጥ ቀለበት አድርጎ የሚበይድ ሰው አይጠፋም፤ ቀለበቱ ሲሞቅ መሄጃ ስለሌለው ላሜራውን ያጣምመዋል።

ሁለተኛው የመለጠጫ ክፍተት ነው። ጊዛ 400 ዲግሪ ሲደርስ በዚህ መጠን እያንዳንዱ ቁራጭ 0.7 ሚ.ሜ ገደማ ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል፤ በ12 ሲባዛ ግን ዙሩ በ8 ሚ.ሜ ይሰፋል። ተጨናንቆ ከተገጠመ ቁራጮቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው አንዱ ወደ ውስጥ ይወጣል፣ ወይም ላሜራው ያብጣል። በየመጋጠሚያው 1 ወይም 1.5 ሚ.ሜ ካርቶን ይግባ፤ በመጀመሪያው ቀለጣ ተቃጥሎ ክፍተቱን ትቶ ይሄዳል። የሳሙና ካርቶን ይበቃል።

ሦስተኛው ሞርታሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ጭቃ በእጅ አካባቢ ስላለ ለመሙያ የሚያመጡት አሉ። ተራው የፋየርክሌይ (የእሳት ቻይ ሸክላ) ሞርታርም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ሁለቱም ድንጋይ የሚሆኑት በደንብ ሲተኮሱ ነው፤ ሞርታሩማ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የኩፖላው አፍ ግን ያን ያህል አይሞቅም። ስለዚህ ጭቃው ደርቆ ጭቃ እንደሆነ ይቀራል፣ በንዝረት እየተፈረፈረ ይወርዳል። እዚህ የሚያስፈልገው በሶዲየም ሲሊኬት የተሠራ፣ በአየር የሚጠነክር ሞርታር ነው። እርሱን ከተፈጨ አሮጌ ጡብ ጋር ለውሶ የሳጥኑን ባዶ ጀርባ መሙላት፣ ሁለት ቀን ማድረቅ፣ ከዚያ መደርደር። በቁራጩና በላሜራው መካከል የሚቀረው 2 ሴ.ሜ በደረቅ የጡብ ጠጠር ይሞላ፤ ሞርታር አይግባበት፣ ለመለጠጡ ትራስ ነውና።

ድርድሩ እንደ ማንኛውም ግንብ መጋጠሚያውን እያፈራረቀ ይሄዳል፤ ቱንቢ ከላይ ጥሎ እያንዳንዱን ዙር መለካት ግድ ነው። 1 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ የወጣ ቁራጭ ጭነት የሚንጠለጠልበት መደርደሪያ ይሆናል። አምስቱም ዙሮች ከደፉ በታች ይቀመጡ። ከደፉ በላይ ያለው የፊት ለፊት ግድግዳ በአካፋ የሚወረወረውን ስለሚቀበል ለእርሱ ስድስት ሰባት ቁራጭ ጨምሮ ማዘዝ ይበጃል።

“እስከ ታች ቢለበስ ጡብ መግዛት ይቀራል” የሚለው የሻጩ ምክር ግን ጆሮ አይሰጠው። ጊዛ 1,150 ዲግሪ ገደማ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ማቅለጫው ክፍል ድረስ የወረደ ልባስ በመጀመሪያው ቀን ራሱ ፑሌጃ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በላይ ባለው መካከለኛ ክፍልም አይሆንም፤ ግራጫ ጊዛ ከ600 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ሲቀዘቅዝ ያብጣል፣ ያበጠውም አይመለስም፣ ቆይቶ ይሰነጣጠቃል።

አማራጩ በከረጢት የሚመጣው ካስታብል፣ ማለትም በውሃ ተለውሶ የሚጣል እሳት ቻይ ኮንክሪት፣ ነው። ለዚሁ 1 ሜትር 24 ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ይበቃል፤ ተራው ዓይነት ለከረጢት 2.5 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ይወስዳል። ግንበኛ የለመደውን ሲሚንቶ ያህል ካረጠበው ጥንካሬው ያኔውኑ ሄደ። ሲገዛ የሚጠየቀው የሚችለው ሙቀት አይደለም፤ ኤኤስቲኤም ሲ704 በሚባለው የመፋቅ ፍተሻ ስንት ሴንቲ ሜትር ኩብ ተፋቀ የሚለው ነው። በዚያ ፍተሻ 1,000 ግራም የሲሊኮን ካርባይድ ቅንጣት በአየር ግፊት ናሙናው ላይ ይረጫል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዕቃው ለመፋቅ ይበረታል። ከረጢቱ ክረምት ያለፈበት መሆኑንም ማየት ነው፤ የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ያልተሸፈነ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሲሚንቶውን ቀድሞ ያስረዋል፣ በእጅ ሲጨበጥ የማይፈረፈር ጓል ያለበት ይመለስ። ከተጣለ በኋላ 24 ሰዓት እርጥብ ጆንያ ለብሶ ይቆያል፤ ከዚያ በትንሽ የእንጨት እሳት በሰዓት ከ25 ዲግሪ ሳይበልጥ ይሞቅና 110 ላይ ከ12 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ይያዛል። ጎንደር ከፍታው ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ቆላ ካለው ቀድሞ ይነሣል፣ የቸኮለ ሰው ግድግዳው እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳበታል። በዚህ ሁሉ ተጠንቅቆ የተሠራ ካስታብል ለመፋቅ ጥሩ ነው፤ ለዱላ ግን ጊዛውን አያህልም። የማይዝግ የብረት ክር ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ቢጨመርበት ይሻለዋል።

የትኛውም ልባስ ግን መጥፎ አጫጫን አይችልም። በዚህ ስፋት ከ20 ሴ.ሜ የሚበልጥ ቁራጭ አይገባም፤ የኩፖላው ስፋት ሲሶ ወሰኑ ነው። የጭነት መኪና ፍሬን ታምቡር ሳይሰበር መወርወር ሁለቱንም ያጠፋል፣ ግድግዳውንም ቀለጣውንም። ለአንድ ጊዜ ጭነት 200 ኪሎ ብረት፣ ከ22 እስከ 25 ኪሎ ኮክ፣ ከ6 እስከ 8 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ይሄዳል፤ ኖራው ከግድግዳው ርቆ መሐል ይፍሰስ፣ ዳር ላይ ከወደቀ ታች ሲደርስ ጡቡን ያቀልጠዋል። ጭነቱ ከደፉ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ እንዲል አይፈቀድለት። ከሁሉ ግን የጊዛ ልባስ የሚሰነጠቀው በቀለጣው ማብቂያ ላይ ነው፦ ጭነቱ ቆሞ ደረጃው ሲወርድ የሚከላከል ነገር ስለሌለ ነበልባሉ እስከ አፉ ይወጣል። ያኔ ብሎወሩ ይቀነስ። ሙሉ ነፋስ እየሰጡ “ጊዛው ጥራት የለውም” ማለት ሻጩን መበደል ነው።

ስለ አገልግሎቱ፦ ቁራጮቹ ቁጥር አይጻፍባቸውም፣ የአገጣጠም ንድፍም አብሮ አይሰጥም፤ ለዚህ ክብደት ዕቃ ይህ ስንፍና ነው። በሌላ በኩል የእንጨት ሞዴሉን ዎርክሾፑ ያስቀምጣል፣ ስድስት መጠባበቂያ ብቻም ቢሆን ይሠራል። የታዘዘው ዕቃ የሚደርሰው ከታዘዘበት ቀን ተቆጥሮ ሳይሆን ዎርክሾፑ የሚያቀልጥበት ቀን ሲደርስ ስለሆነ መጠባበቂያውን ከስብስቡ ጋር አብሮ ማዘዝ ይሻላል። የተሰነጠቀው ቁራጭ ደግሞ አይጣልም፤ ከጀርባው ያለውን ሞርታር አራግፎ፣ በመዶሻ ከ20 ሴ.ሜ በታች ሰባብሮ፣ በዚያው በር መልሶ መጫን ነው።