የቆዳ አለርጂ ምርመራ በሐዋሳ፦ ጥሩ ነው፣ ግን ግማሽ መልስ ነው

መስከረም ሲጠባ የእኔ ማስነጠስም አብሮ ይጠባል። ስንት ዓመት "ሳይነስ ነው" እየተባልኩ ክኒን ስውጥ ከርሜ፣ በመጨረሻ እዚሁ ሐዋሳ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ የቆዳ ምርመራ አደረግኩ።

ክንድ ላይ አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች ያሉባቸውን ጠብታዎች ያደርጉና በየጠብታው ላይ ቆዳውን ጠቅ ያደርጉታል። 15 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ካበጠ ሰውነታችሁ ለዚያ ነገር ይቆጣል ማለት ነው። ያሳክካል እንጂ አያምም። ነርሷ እጇ ቀላል ነው፣ የጠየቅኳትን ሁሉ አስረድታኛለች፣ እግዜር ይስጣት። ያናደደኝ ቀጠሮው ነው። የአለርጂ ክኒን ከሳምንት በፊት መቆም እንዳለበት ማንም አልነገረኝም፣ ሴትሪዚን ወስጄ ስለነበር የመጀመሪያው ቀን ከንቱ ቀረ።

እኔ ላይ ያበጠው የሣር ብናኝ (የሣሩ አበባ ዱቄት) ነው። ግን የትኛው ሣር? ብናኙ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለ። ፕሮፊሊን የሚባለው በብዙ ዕፅዋት ስለሚገኝ የማያስቸግራችሁንም ተክል ጥፋተኛ ሊያስመስል ይችላል። ደጃችን ላይ የሚበቅለው ሰርዶ ዋና አለርጂ አምጪው ሲን ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ የአውሮፓው ጢሞቲ ሣር ደግሞ ፍል ፒ 1 እና ፍል ፒ 5 የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው፣ እዚህ ክሊኒክ ግን የለም። ሰውነትን ከአለርጂ አምጪው ጋር ቀስ በቀስ የሚያላምደው ኢሚውኖቴራፒ 3 ዓመት ያህል የሚወሰድ ሕክምና ስለሆነ ባልሆነ ብናኝ ከተጀመረ ገንዘቡም ጊዜውም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ለመጀመሪያ ምርመራ ግን ሂዱ እላለሁ። ክኒኑን ስለማቆም ቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ፣ እጅጌው የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ።