ቃሉ የተሰወረበት ሙዚቃ፦ የድቮርዣክ አራቱ ተረቶች በማኬራስ ሲዲ

እኛ ጋ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ነው የሚባለው። የታወቀ ዘፈን በሳክስፎን ብቻ ሲጫወት ክላሲካል ነው። ሬዲዮ ላይ ከዜና በፊት የሚለቀቀው ክላሲካል ነው። ሆቴል ውስጥ ቡና ስንጠጣ ከጣሪያው የሚሰማውም እሱው ነው። ቃል ስለሌለው ማንም ጆሮ አይሰጠውም፣ ወሬ ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሲዲ ነው፣ ውስጡ ያለው ሙዚቃም ቃል የሌለው ይመስላል። አለው ግን። ስንኝ በስንኝ አለው።

ሲዲው የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ የአንቶኒን ድቮርዣክ ነው። ቼክ ፊልሃርሞኒክ የሚባለው የፕራግ ኦርኬስትራ ይጫወታል፣ ሰር ቻርልስ ማኬራስ ይመራል፣ ያሳተመው የፕራጉ ሱፕራፎን ነው። አራት ሥራዎች አሉበት፦ «የውሃው ጋኔን»፣ «የቀትር ጋኔን»፣ «የወርቁ መፍተያ» እና «የዱር ርግብ»። አንድ ላይ ወደ 80 ደቂቃ ይጠጋሉ።

ድቮርዣክን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዘጠነኛው ሲምፎኒው፣ «ከአዲሱ ዓለም» በሚባለው ነው። ኒውዮርክ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲመራ በፈረንጆቹ 1893 የጻፈው ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሲምፎኒ አልጻፈም። በ1895 አገሩ ተመለሰ፣ በዓመቱ ደግሞ እነዚህን አራት ሥራዎች አከታትሎ ጻፈ። 1896 ማለት የአድዋ ዓመት ነው። እኛ ጦርነት ላይ በነበርንበት ሰሞን ይህ የሥጋ ሻጭ ልጅ ፕራግ ቁጭ ብሎ ስለ ጋኔን፣ ስለ እንጀራ እናትና ስለ ርግብ ሙዚቃ እየጻፈ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ቼክ ፊልሃርሞኒክ የመጀመሪያ ኮንሰርቱን አቀረበ፣ የመራውም ድቮርዣክ ራሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ሲዲ ላይ የሚጫወተው ኦርኬስትራ ከሙዚቃው ጋር እኩያ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አራቱም የተወሰዱት ከካሬል ያሮሚር ኤርበን ግጥሞች ነው። ኤርበን የሕዝቡን ተረት ሰብስቦ በግጥም የጻፈ ሰው ነው፣ መጽሐፉ በ1853 ወጣ። ድቮርዣክ ታዲያ ታሪኩን ብቻ አይደለም የወሰደው። ብዙ ቦታ ላይ ዜማውን የሠራው በግጥሙ ቃል ልክ ነው። ስንኙን ይይዛል፣ በስንኙ ምት ዜማ ያወጣል፣ ከዚያ ቃሉን አንስቶ ዜማውን ለቫዮሊን ወይም ለመለከት መሰሉ ሆርን ይሰጣል። የማሲንቆ ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። አዝማሪ አንድ ስንኝ ይልና ማሲንቆው ያንኑ ይደግመዋል፣ እኛም ቃሉን ከማሲንቆው እንሰማዋለን። እዚህ ያለው ነገር ተመሳሳይ ነው፣ ልዩነቱ አዝማሪው ዝም ማለቱ ነው።

ለዚህ ነው ተረቱን ሳያውቁ እነዚህን ሥራዎች መስማት የማይመከረው። በራሱ ዘመን እነ ኤድዋርድ ሃንስሊክ፣ ትልቁ የቪየና ተቺ፣ ድቮርዣክ በዚህ መንገድ መሄዱን አልወደዱለትም። ዛሬም «ተበጣጥሷል፣ ይደጋገማል» የሚሉ አሉ። ተረቱን ሳላውቅ የሰማሁ ጊዜ እኔም እንደዚያው ነው የመሰለኝ። ሲዲውን የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ስትመጣ ይዛልኝ መጣች፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ላይ ስደርስ አጠፋሁት። ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ግን ወር ሙሉ ከማጫወቻው አላወጣሁትም።

በአማርኛ የሚነግራችሁ ስለማይኖር ሁለቱን እዚሁ ልንገራችሁ።

«የውሃው ጋኔን» በጨረቃ ሐይቅ ዳር ዛፍ ላይ ተቀምጦ ለነገ ሠርጉ አረንጓዴ ኮትና ቀይ ቦት ጫማ ይሰፋል። አንዲት እናት ደግሞ ክፉ ሕልም አይታ ልጇን «ዛሬ ወደ ሐይቁ አትውረጂ» ትላታለች። ልጅቷ አልሰማም ብላ ልብስ ልታጥብ ትወርዳለች። ድልድዩ ይሰበራል፣ ውሃው ይውጣታል፣ የጋኔኑ ሚስት ትሆናለች። ልጅ ትወልዳለች። ፀጉሩ አረንጓዴ ነው። እናቴን አንዴ ልያት ብላ ትለምነዋለች፣ እስከ ማታው ደወል ድረስ ይፈቅድላትና ሕፃኑን መያዣ አድርጎ ያስቀራል። እናት ግን አንዴ ያገኘቻትን ልጅ አትለቅም። ጋኔኑ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። እንደገና ያንኳኳል። ማዕበል ይነሳል። በመጨረሻ ደጃፉ ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ ይሰማል፣ በሩን ሲከፍቱት አንገቱ የተቆረጠ ሕፃን ነው።

ሙዚቃው የሚጀምረው በፍሉት ነው። አንድ ኖታ ሦስት ጊዜ ቶክ ቶክ ቶክ ይልና ዜማው ይከተላል። መጀመሪያ ስትሰሙት ጨዋታ ይመስላል፣ ልጅ ገመድ ሲዘል የሚያወጣው ዓይነት። ይህች ሦስት ምት ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ አትለቃችሁም። ልጅቷ ስትወድቅ አለች፣ ሕፃኑን ስታባብል ከበስተኋላ አለች፣ በሩ ሲንኳኳ ደግሞ በኦርኬስትራው ጉልበት ሁሉ ትመለሳለች። ያኔ ነው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲንኳኳ እንደነበር የሚገባችሁ። ማኬራስ መጀመሪያ ላይ ምንም አያጋንንም፣ ቀለል አድርጎ ነው የሚያስጀምራት። ተረት የሚችል ሰው ገና ሲጀምር ድምፁን አያስፈራራም አይደል? እንደዚያ ነው። መጨረሻው ላይ ከጩኸቱ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ታች ይሰምጣል፣ ወፍራሞቹ መሣሪያዎች ብቻ ይቀሩና ጋኔኑ ተመልሶ ወደ ውሃው ይገባል። ይህን ክፍል ማታ መብራት አጥፍቼ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሰማው።

ሁለተኛው «የቀትር ጋኔን» ነው፣ ለኛ ሰው ከሁሉ የሚቀርበውም እሱ ይመስለኛል። ቀትር ላይ ወንዝ ዳር አትሂዱ፣ በጠራራ ፀሐይ ዛፍ ሥር አትተኙ እየተባልን ነው ያደግነው። መዝሙረ ዳዊትም «ከቀትር ጋኔን» ይላል። የቼኮቹ የቀትር ጋኔን ሴት ናት። አንዲት እናት ምሳ ልታደርስ ትጣደፋለች፣ ልጇ እግሯ ሥር ይነጫነጫል። አሻንጉሊት ብትሰጠው ይወረውራል። በመጨረሻ ተናዳ «የቀትር ጋኔን፣ ነይና ውሰጂው!» ትላለች። ጋኔኗም በሩን ከፍታ ትገባለች።

ይህን ከእናቴ ጋር ነው የሰማሁት። ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ልትሠራ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ እኔ ስፒከሩን ወደ ማዕድ ቤት አምጥቼ ከሥር ከሥር እየነገርኳት እሄዳለሁ። ኦቦው፣ ያ የሚነፋው ቀጭን መሣሪያ፣ ያችኑ አጭር ነገር እየደጋገመ ሲያላዝን «ይሄ ልጁ ነው» አልኳት፣ «ያስታውቃል፣ አንተን ነው እንዴ የቀዱት?» አለችኝ። ከዚያ ጋኔኗ ገባች። ድቮርዣክ እዚህ ምንም ጩኸት አላስገባም። ቫዮሊኖቹ ድምፃቸው ታፍኖ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ከሥር ድምፀ ወፍራሙ ባስ ክላርኔት እየተሳበ ይመጣል። እናቴ መክተፉን አቆመች። እናትና ጋኔን በልጁ ሲናጠቁ፣ ሙዚቃው እየፈጠነ ሲሄድ፣ ድንገት ደወል መታ። አሥራ ሁለት ጊዜ። ቢላዋው እጇ ላይ እንዳለ «ተረፈ?» አለችኝ።

አባትየው ከሥራ ይገባል፣ እናትየው ወድቃለች፣ ያነቃታል። ልጁ ግን እቅፏ ውስጥ ታፍኖ ሞቷል። ከፍርሃቷ ብዛት ጥብቅ አድርጋ የያዘችው ራሷ ናት።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ «እና ቀትር ላይ ልጅን እንዲህ ይሉታል እንዴ?» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሩብ ሰዓት የማይሞላ ሙዚቃ ነው። ከአራቱ አንዱን ብቻ ስሙ ብትሉኝ ይህን ነው የምላችሁ።

«የወርቁ መፍተያ» ረጅሙ ነው፣ ሰው የሚጣላበትም እሱ ነው። ንጉሥ ለአደን ወጥቶ ከአንዲት ፈታይ ልጅ ቤት ውሃ ይለምናል፣ ይወዳታል። እንጀራ እናቷና እህቷ ጫካ ወስደው ይገድሏትና እህትየው በእሷ ስም ንግሥት ትሆናለች። እጅ፣ እግርና ዓይኗን ቆርጠው ወስደውታል። አንድ ሽማግሌ ሬሳውን ያገኝና ወደ ንግሥቲቱ ልጅ ይልካል፤ የወርቅ መፍተያ በእግሯ፣ ሌሎቹን የመፍተያውን ዕቃዎች ደግሞ በእጇና በዓይኗ ያስለውጣል። ልጅቷ ትነሳለች። ንግሥቲቱ በወርቁ መፍተያ መፍተል ስትጀምር መፍተያው ራሱ ግድያውን ያወጣዋል። ሦስት ጊዜ ሄዶ መለወጡ በሙዚቃውም ሦስት ጊዜ ይመጣል። የድቮርዣክ አማች ዮሴፍ ሱክ ይህን አይቶ ሥራውን አሳጥሮት ነበር፣ ለብዙ ጊዜም በዚያው ሲጫወት ኖሯል። ማኬራስ ሙሉውን ነው የሚጫወተው። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። ተረት ውስጥ ሦስት ሦስት ነው፣ ሁለቱን ቆርጠህ አንዱን ካስቀረህ ምኑ ተረት ሆነ? እርግጥ መሀሉ ላይ ትንሽ ይጎተታል፣ አልዋሽም። ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች፣ ፈረሱ ከሥር እየጋለበ ሆርኖቹ የንጉሡን ዜማ ሲያነሱት፣ ሥራ ጥዬ ነው የምሰማው።

«የዱር ርግብ» የምታለቅስ ሚስት ታሪክ ነው። ባሏን መርዛ የገደለችው ራሷ ናት። በቀብሩ ታለቅሳለች፣ ወዲያው ቆንጆ ወጣት ታገባለች፣ በመቃብሩ ላይ በበቀለው ዛፍ ርግብ እየመጣች ስታዜምባት አብዳ ውሃ ትገባለች። ሙዚቃው በቀብር ጉዞ ይጀምራል፣ ያው የቀብር ዜማ ነው ቅርጹን እየለወጠ እስከ መጨረሻው የሚሄደው። ፍሉቶቹና በገና መሰሉ ሃርፕ ርግቧን ሲያመጧት ውብ ነው፣ ከውበቱ የተነሳም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ምን እያለች እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህን ሥራ በ1898 ብርኖ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ሌላው የቼክ ሙዚቃ ደራሲ ሊዮሽ ያናቼክ ነው። ማኬራስ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የያናቼክን ሙዚቃ ለዓለም ሲያሰማ የኖረ ሰው ነው።

ማኬራስ ቼክ አይደለም፣ አውስትራሊያዊ ነው። በ1947 ወጣት ሆኖ ፕራግ ሄደና ከትልቁ ኮንዳክተር ከቫክላቭ ታሊክ ተማረ፣ ቋንቋውንም ቻለ። እነዚህን የቀረጸው በሕይወቱ የመጨረሻ አሥር ዓመት ውስጥ ነው፤ በ2010 በ84 ዓመቱ አረፈ። ቋንቋውን ማወቁ እዚህ ላይ ይሰማል። ዜማው የት ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የትኛው ቀለም እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚላላ ያውቃል። ሌሎችም ጥሩ ቅጂዎች አሉ። ራፋኤል ኩቤሊክ በ1970ዎቹ ከባቫሪያ ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር የቀረጻቸው የበለጠ ይነዳሉ፣ ደም አላቸው። የኒኮላውስ ሃርኖንኩር የአምስተርዳም ቅጂ ጠቆር ያለ ነው፣ ፍርሃት ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ግን ማኬራስ፣ ምክንያቱም ተረቱን እንደ ተረት ነው የሚነግራችሁ።

ቅሬታ ካለኝ ድምፁ ላይ ነው። ዝግ የሚለው ቦታ በጣም ዝግ ይላል፣ ጮክ የሚለው ደግሞ ያስደነግጣል። ታክሲ ውስጥ አይሆንም። በስልክ ስፒከር ደግሞ ያችን ባስ ክላርኔት ጨርሶ አትሰሟትም፣ እሷ ከሌለች ጋኔኗ አልገባችም ማለት ነው። ሌላው፣ ድቮርዣክ በ1897 የጻፈው የዚሁ ዓይነት አምስተኛ የኦርኬስትራ ሥራ፣ «የጀግና መዝሙር»፣ እዚህ የለም። በ1898 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው የሙዚቃ ደራሲውና ኮንዳክተሩ ጉስታቭ ማህለር ነው። የኤርበን ተረት ስለሌለበት ከእነዚህ ጋር ባይገባም አልከፋኝም።

ሲዲ ማጫወቻ ለሌለው በኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶችም ላይ ይገኛል። አራቱን በአንድ ቀን አትጨርሷቸው። በ«የቀትር ጋኔን» ጀምሩ፣ ጠዋት ላይ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲኖር። እናቴ ባለፈው እሁድ «ያቺን የደወሏን አምጣትማ» ብላኛለች፣ እህቴ ከነልጆቿ ስለመጣች ለእነሱ ልታሰማ። ልጆቹ ግን ከዚያ በፊት ጓሮ ወጥተው እንዲጫወቱ አደረገች።